የዱር ወይራ ስለ ሥሩ የሚያቀርበው ጸሎት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅዱስ ጳውሎስ ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ በጻፈው መልእክት፥ ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ሰው ሁሉ ጸሎትና ምልጃ እንዲደረግ ያዝዛል። ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ትእዛዝ ተቀብላ ስለ ድውያንና ስለ መንገደኞች፥ ስለ ዝናምና ስለ ምድር ፍሬ፥ ስለ ሕያዋንና ስለ ሙታን ሳታቋርጥ ትጸልያለች። ነገር ግን ስለ ሰው ሁሉ መጸለይ ለአንደበት የቀለለ፥ ለልብ የከበደ ነው። ሰው ሁሉ ከተባለው መካከል አንዱ በስሙ ተለይቶ በተጠራ ጊዜ፥ ይልቁንም የተጠራው ጎረቤታችን የነበረ እንደ ሆነ፥ የጸሎታችን እውነተኛነት ያን ጊዜ ይፈተናል። በደረስጌና በደባርቅ፥ በዳባትና በስሜን ግርጌ ለምንኖር ክርስቲያኖች ይህ ፈተና የታወቀ ስም አለው፤ እርሱም እስራኤል ነው።

እንግዲህ የተወደዳችሁ አባቶችና ወንድሞች፥ እናቶችና እኅቶች ሆይ፥ ዛሬ የምንመረምረው ነገር ይህ ነው፤ ክርስቲያን ስለ አይሁድ ሊጸልይ ይገባዋልን? የሚገባው ከሆነስ በምን ልብና በምን አንደበት ይጸልያል?

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ሩቅ አይደለም። ሐዋርያው ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ከ9ኛው እስከ 11ኛው ምዕራፍ ድረስ ስለ ወገኖቹ ስለ እስራኤል ይናገራል። ስለ እነርሱ በልቡ የማያቋርጥ ኀዘን እንዳለበት፥ የልቡም ልመና መዳናቸው እንደ ሆነ ይገልጣል። ይህን የጻፈው ከአይሁድ እጅ የተገረፈ፥ በድንጋይም የተወገረ ሰው መሆኑን ልብ እናድርግ። የተገረፈው ጀርባው ስለ ገራፊዎቹ እንዲያለቅስ ካልከለከለው፥ አንዳች ያልተደረገብንን እኛን ስለ እነርሱ ከመጸለይ የሚከለክለን ምን ምክንያት አለ? ጌታችንም ኢየሩሳሌምን ከሩቅ ባየ ጊዜ አለቀሰላት እንጂ አልሣቀባትም። ስለዚህ ስለ እስራኤል መጸለይ ለወደደ ብቻ የተተወ ነገር ሳይሆን፥ ጌታውን የሚከተልና ሐዋርያውን የሚሰማ ሁሉ ያለበት ዕዳ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ይከብዳል። ሐዋርያው በዚያው በ11ኛው ምዕራፍ በወይራ ዛፍ መስሎ ያስተምረናል። መልካሙ ወይራ እስራኤል ነው፤ ከአሕዛብ የመጣን እኛ ደግሞ ከዱር ወይራ ተቈርጠን በመልካሙ ግንድ የገባን ቅርንጫፎች ነን። ከዚህም አያይዞ፥ ቅርንጫፍ ሥሩን የሚሸከም ይመስል በተሰበሩት ቅርንጫፎች ላይ እንዳንታበይ ያስጠነቅቀናል።

ይህን ምሳሌ ለመረዳት የአገራችን ሰው መተርጕም አያስፈልገውም። የዱር ወይራ በየደብራችን ዐጸድ ከጽዱና ከኮሶው ጋር ቆሞ እናየዋለን። እንጨቱ ለምሰሶና ለመቋሚያ ይሆናል፤ ጭሱ የወተት ዕቃ ይታጠንበታል። ፍሬው ግን ደቃቅና መራራ ስለ ሆነ ለመብራት ወይም ለቅብዐት የሚሆን ዘይት ከእርሱ የሚጠብቅ የለም። ዘይት የሚሰጠው ሰው ተክሎ፥ ኰትኵቶ ያሳደገው የኢየሩሳሌም ወይራ ነው። አትክልተኛም የሚያደርገው መልካሙን ቅርንጫፍ ቈርጦ በዱሩ ግንድ ላይ ማግባት ነው፤ የዱሩን ቅርንጫፍ በመልካሙ ግንድ ላይ የሚያገባ ማን ነው? ሐዋርያው ራሱ ይህ ሥራ ከተፈጥሮ ሥርዐት ውጭ መሆኑን ይናገራል። በእኛ የተደረገው እንዲህ ያለ ነው፤ ዘይት የማይሰጠው ቅርንጫፍ የሌላውን ሥር ስብ ጠጥቶ ዘይት ሰጠ። ይህን የሚያውቅ ቅርንጫፍ ወደ ሥሩ ሲመለከት አንገቱን ያቀርቅራል እንጂ ቀና አይልም።

በዕለተ ስቅለት ማታ፥ ስግደቱ ሊፈጸም ሲል፥ ምእመናን በካህኑ ፊት ኃጢአታቸውን እየተናዘዙ ጀርባቸውን በወይራ ቅጠል ይጠበጠባሉ፤ ስግደትም ይታዘዝላቸዋል። በዚያች ሰዓት በትከሻችን ላይ የሚያርፈው የገዛ ደብራችን የዱር ወይራ ነው። ምን እንደ ነበርንና በማን ሥር እንደ ቆምን እንዲያስታውሰን ብንቈጥረው ከሐዋርያው ትምህርት የራቀ አይሆንም። በዚያችው ቀን አይሁድን እየሰደበ ወደ ቤቱ የሚገባ ክርስቲያን ግን በወይራው ተመታ እንጂ በወይራው አልተማረም።

ከሥሩ ምን እንደ ተቀበልን በአጭሩ እንቍጠር። በደረስጌ ማርያም ፊደል የቈጠረ ሕፃን ንባብ ሲያውቅ ዳዊት ይጀምራል፤ ዳዊት የእስራኤል ንጉሥ ነው። በመቅደሳችን የሚከብረው ታቦት፥ ሙሴ በደብረ ሲና የተቀበለው ጽላት አምሳል ነው። ልጆቻችንን በ8ኛው ቀን እንገርዛለን። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር እንድትከበር ተወስኖ እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል። ደጃዝማች ውቤ ባሠሯት በዚህችው በደረስጌ ማርያም፥ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃች ካሳ ቴዎድሮስ ተብለው በነገሡ ጊዜ፥ አቡነ ሰላማ የቀቡት ቅብዐ መንግሥት ሥርዐቱ የተቀዳው ሳሙኤል ዳዊትን ከቀባበት የዘይት ቀንድ ነው። እንዲሁም ክብረ ነገሥት የተባለውን መጽሐፍ በማንበብ ራሳችንን ደቂቀ እስራኤል ብለን ስንጠራ ኖረናል። ከእስራኤል የተቀበልነውን ሁሉ ከቤተ ክርስቲያናችን ብናወጣ ባዶ ግድግዳ ይቀርልናል፤ ጌታም እመቤታችንም ሐዋርያትም በሥጋ ከዚያው ወገን ናቸውና።

እንዲህ ከሆነ ዘንድ፥ በደጃችን ከነበረው እስራኤል ጋር እንዴት ኖርን?

ቤተ እስራኤል ከጥንት ጀምሮ በስሜን፥ በወልቃይት፥ በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ ከእኛ ጋር የኖሩ ሕዝብ ናቸው። ኦሪትን የሚያነቡት እኛ በምናነብበት በግእዝ ነበር፤ መዝሙረ ዳዊትን የሚደግሙትም በዚያው ልሳን ነበር። ቀሳውስት ነበሯቸው፤ መነኮሳትም ነበሯቸው፤ በትውፊታቸውም የምንኵስናቸው አባት አባ ሰብራ ይባላል። የጸሎት ቤታቸውን መስጊድ፥ ታላቁን በዓላቸውን ስግድ ይሉታል፤ ሁለቱም ስሞች ሰገደ ከሚለው ከግእዙ ግሥ የወጡ ናቸው። በስግድ ቀን፥ አስተሥርዮ ከሚሉት በዓል በኋላ በ50ኛው ዕለት፥ እየጾሙ ወደ ተራራ ይወጡና ኦሪት ተነብቦ፥ በነህምያ ዘመን እንደ ተደረገው ኪዳኑን እያሰቡ ወደ ኢየሩሳሌም ይሰግዱ ነበር። ስለዚህ በአንድ አገር፥ በአንድ ልሳን፥ በአንድ ዳዊት፥ አንዱን የአብርሃምን አምላክ የሚለምኑ ሁለት ጉባኤያት ነበሩ። በመካከላቸው ያለው የሃይማኖት ልዩነት ታላቅ ነው፤ ክርስቶስን በማመንና ባለማመን መካከል ያለውን ገደል ማንም በቃል ሊሞላው አይችልም። ነገር ግን ገደል መኖሩ ድንጋይ መወራወርን አያዝዝም።

ድንጋዩም ተወርውሯል። በ16ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በስሜን በነገሡት በቤተ እስራኤል ላይ ዘመቱ። የንጉሡ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ከዚያ ዘመቻ የጻፈልን አንድ ነገር አለ። አንዲት የቤተ እስራኤል ሴት ተማርካ፥ እጇ ከማረካት ሰው እጅ ጋር ታስሮ በገደል አፋፍ ስትሄድ፥ አዶናይ እንዲረዳት በስሙ ጠርታ ራሷን ወደ ገደሉ ወረወረች፤ ማራኪዋም ከእርሷ ጋር ወደቀ። ይህን የጻፈው የንጉሡ ሰው ነው እንጂ የእርሷ ወገን አይደለም። እኛም አዶናይ የሚለውን ስም በጸሎታችን እንጠራለን። በዚያ ገደል አፋፍ ላይ አዳኟና ማራኪዋ እንዲለዩ የለመነችው፥ ማራኪዋም በማለዳ ጸሎቱ የሚጠራውን አምላክ ነበር። ካህን ይህን ታሪክ ሲያነብብ ከማን ጋር ቆሞ እንደሚያነብበው ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

በ17ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ጌዴዎን የተባለው የስሜን አለቃቸው ተገደለ፤ ኀይላቸውም ፈጽሞ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ርስት የሌላቸው ጭሰኞች ሆነው ኖሩ። ርስት የሌለው ሰው በእጁ ሥራ ይኖራልና ማረሻና ማጭድ ቀጠቀጡ፤ ገንቦና ድስት ሠሩ፤ ሸማ ሸመኑ፤ በጎንደር ዘመነ መንግሥትም ግንበኞችና አናጢዎች ሆነው አገለገሉ። አራሹ ክርስቲያን መሬቱን የገመሰው እነርሱ በሳሉት ማረሻ፥ እናቶቻችንም ወጥ የሠሩት እነርሱ በተኰሱት ድስት ነበር። ዋጋቸው ግን ምን ሆነ? በቀን የብረት ሥራውን ተቀብሎ በማታ ቡዳ አላቸው፤ ልጅ ሲታመም በላው አለ፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ብሎ አወራ። እነርሱም በበኩላቸው ስለ ንጽሕና ሕጋቸው ከእኛ ጋር መነካካትን ይጠነቀቁ ስለ ነበር፥ አትንኩኝ ተባሉ። የእነርሱ መጠንቀቅ ግን ከኦሪት የተነሣ ነበር፤ የእኛ ቡዳ ማለት ከየትኛው ወንጌል እንደ ተነሣ የሚያሳየን መምህር እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እንግዲህ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ከሩቅ ያለውን እስራኤል በመጽሐፍ አከበርን፤ በቅርብ ያለውን በመንደር ናቅን። ዳዊትን በማኅሌት አመሰገንን፤ ዳዊትን የሚደግመውን ጎረቤታችንን ግን በደጃችን ሲያልፍ ልጆቻችንን ሸሸግንበት። ይህ አንደበት ስለ እስራኤል ለመጸለይ ሲከፈት ምን ይላል? ሐዋርያው ያዕቆብ ከአንድ አፍ በረከትና ርግማን መውጣቱን፥ ከአንድ ምንጭ ጣፋጭና መራራ ውሃ እንደ መፍለቅ አድርጎ ይወቅሰዋል።

ንቀት ትንሽ ነገር የሚመስለው ቢኖር ወደ ሌላው ዓለም ይመልከት። በአውሮፓ በሚኖሩ አይሁድ ላይ ለብዙ ምዕት ዓመታት በየመንደሩና በየዐውደ ምሕረቱ ክፉ ቃል ሲዘራ ኖረ፤ በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የናዚ መንግሥት 6 ሚሊዮን የሚሆኑ አይሁድን ሲፈጅ፥ ያ ክፉ ቃል የብዙ የተጠመቁ ሰዎችን ዐይን ጨፍኖ፥ የሌሎቹንም እጅ ለግድያው አዘጋጅቶ ተገኘ። በሮማ ቤተ ክርስቲያን በዕለተ ስቅለት ስለ አይሁድ በሚደረገው ጸሎት ውስጥ እነርሱን ከዳተኞች የሚያሰኝ ቃል ይነበብ ነበር፤ በጦርነቱ ዘመን በቱርክ አገር ሳሉ ከሞት ለሚሸሹ አይሁድ የራዱት ፓፓ ዮሐንስ 23ኛ በ1951 ዓ.ም. ያ ቃል ከጸሎቱ እንዲወጣ አዘዙ። ከሮማ ጋር በሃይማኖት የተለየን ብንሆንም፥ ስለ ሰው እየጸለዩ ሰውን መስደብ እንደማይስማማ ከማንም ቢሆን መማር ነውር የለበትም።

ምናልባት አንድ ምእመን፦ ጌታችንን የሰቀሉት አይሁድ አይደሉምን? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱን ከመስቀሉ ሥር እንስማ። ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ ስለ ሰቃዮቹ ምሕረትን ለምኗል፤ እርሱ የማረውን የሚኰንን ባሪያ ከጌታው ይበልጣልን? ፈርዶ የሰጠው ጲላጦስ፥ ችንካሩንም የመታው ጭፍራ ሮማውያን ነበሩ፤ ከመስቀሉ ሥር ቆመው ያለቀሱት እመቤታችንና ዮሐንስ ግን አይሁድ ነበሩ። በዕለተ ስቅለት የምንሰግደውም ስለ ራሳችን ኃጢአት ነው፤ በሌላው ኃጢአት የሚሰግድ የለም።

ሌላው ደግሞ፦ ክርስቶስን ካልተቀበሉ ምን ብለን እንጸልይላቸው? ይል ይሆናል። ክርስቲያን ክርስቶስ በሰው ሁሉ ዘንድ እንዲታወቅ መመኘቱን መተው አይችልም። ነገር ግን ሐዋርያው የእስራኤልን ነገር ምሥጢር ብሎታል፤ የእግዚአብሔርም ስጦታውና ጥሪው ጸጸት እንደሌለበት ተናግሮ፥ ነገሩን በክርክር ሳይሆን የአምላክን ጥበብ ጥልቀት በማድነቅ ፈጽሞታል። ጳውሎስ አድንቆ ዝም ባለበት ስፍራ እኛ በሰይፍ ልንናገር አይገባም። በቀድሞ ዘመን ያልተጠመቀ ርስት አይኑረው እየተባለ በቤተ እስራኤል ላይ የተደረገው ማስገደድ ለጥምቀት ክብር አልሆነም። በርስት ተደልሎ ወይም ከሰይፍ ሸሽቶ የተጠመቀ ሰው ውሃው ሰውነቱን ነክቶት ይሆናል፤ ልቡን ግን እግዚአብሔር ያውቀዋል።

አሁን ደግሞ ከቀደመው የሚከብድ ጥያቄ ይመጣል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ5ኛው ምዕራፍ፥ መባህን ስታቀርብ ወንድምህ ያዘነብህ እንደ ሆነ ትዝ ቢልህ፥ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ብሎ ያስተምራል። ነገር ግን የምንታረቀው ወንድም ሄዷል። ከስሜንና ከወልቃይት፥ ከጎንደርም ዙሪያ ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤል በእግራቸው ወደ ሱዳን ወረዱ፤ በመንገድና በስደተኛ ሰፈር ወደ 4,000 የሚሆኑት እንደ ሞቱ ይገመታል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. ዘመቻ ሙሴ በተባለው ወደ 8,000 የሚሆኑት በአውሮፕላን ተወሰዱ። በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ዘመቻ ሰሎሞን በተባለው ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ገቡ። ወደ ኢየሩሳሌም ሲሰግዱ የነበሩ አባቶች ልጆች ኢየሩሳሌምን አዩ፤ በአገራችን ተራራ ሲከበር የኖረው ስግድም በ2000 ዓ.ም. በእስራኤል ምክር ቤት ሕግ የአገር በዓል ሆነ። እነሆ፥ ሲለምኑ የኖሩት ልመና ተሰማ። በእኛ ዘንድ የቀረው ግን ባዶ መንደርና የመቃብር ድንጋይ ነው፤ ይቅር በሉን ለማለት ደጁን ብናንኳኳ የሚከፍት የለም።

እንዲህ በሆነ ጊዜ የሚቀረው መንገድ ጸሎትና የአንደበት ንስሐ ነው። የሄደውን ሰው እግራችን ባይደርስበት ጸሎታችን ይደርስበታል፤ ጸሎት የአውሮፕላን መንገድ አያስፈልጋትምና። ነገር ግን ጸሎቱ እንዲደርስ ቃላችን አስቀድሞ መታጠብ አለበት። ቤተ እስራኤል ቢሄዱም ቡዳ የሚለው ቃል አልሄደም፤ ዛሬም ብረት በሚቀጠቅጠውና ሸክላ በምትሠራው ክርስቲያን ወንድማችንና እኅታችን ላይ ያርፋል። በቤተ እስራኤል ላይ የተለማመደው አንደበት ሌላ ዒላማ አላጣም።

ስለዚህ አባቶቼ ካህናት ሆይ፥ ይህን እናድርግ። በሕማማትና በስቅለት ስናስተምር፥ ምእመኑ በአይሁድ ላይ ተቈጥቶ ሳይሆን በኃጢአቱ አዝኖ እንዲሄድ እናስተምር። የንስሐ አባት የሆንን፥ ጾም መግደፍን እንደምንጠይቅ ሁሉ፥ ሰውን ቡዳ ብሎ ማማትንም እንጠይቅ፤ ጾም የገደፈ ራሱን ጐዳ፥ ቡዳ ያለ ግን የሌላውን ቤት አፈረሰ። በየአጥቢያችን የቤተ እስራኤል መቃብር ያለ እንደ ሆነ፥ ድንጋዩ ለካብና ለቤት መሠረት እንዳይነሣ እንጠብቅ፤ ትንሣኤ ሙታንን የምናምን ነንና።

ምእመናን ሆይ፥ ስለ እስራኤል በምትጸልዩ ጊዜ አራት ነገር ለምኑ። አስቀድማችሁ ስለ ተቀበላችሁት አመስግኑ፤ ስለ ኦሪትና ስለ ነቢያት፥ ስለ ዳዊትና ከዳዊት ዘር ስለ ተወለደች ድንግል። ሁለተኛም በቃልም በሥራም ስለ ተደረገባቸው በደል ምሕረትን ለአገራችሁ ለምኑ። ሦስተኛም መዝሙረ ዳዊት በ121ኛው እንደሚያዝዝ የኢየሩሳሌምን ሰላም ለምኑ። ይህም ሰላም ለአንዱ ወገን ብቻ ተቈርሶ የሚሰጥ አይደለም፤ ከመስከረም 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በእስራኤልም በጋዛም የፈሰሰውን የንጹሓን ደም ተመልክታችሁ፥ ስለ ይስሐቅ ልጆችና ስለ እስማኤል ልጆች እናቶች ሁሉ አልቅሱ። እግዚአብሔር የይስሐቅን ዕጣ ሲሰጥ የአጋርንም ልጅ ልቅሶ በምድረ በዳ ሰምቷልና፥ አንዱን ለማጥፋት ስለ ሌላው የሚጸለይ ጸሎት ወደ እርሱ አይወጣም። አራተኛም እግዚአብሔር ለአብርሃም የሰጠውን ተስፋ፥ እርሱ በሚያውቀው ጊዜና እርሱ በሚያውቀው መንገድ እንዲፈጽም ለምኑ፤ ጊዜውንና መንገዱን ለእርሱ ተዉለት።

የዱሩ ወይራ ስለ ሥሩ የሚጸልየው ሥሩ ጸሎቱን ስለሚፈልግ ብቻ አይደለም፤ ሥሩ ከደረቀ ቅርንጫፉ እንደማይኖር ስለሚያውቅም ነው። እስራኤልን የሚንቅ ክርስቲያን የቆመበትን ግንድ በራሱ ምሳር የሚቈርጥ ሰው ነው።

የአብርሃም፥ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ሆይ፥ ከዱር ቈርጠህ በመልካሙ ግንድ ያኖርኸን አቤቱ፥ ከትዕቢት ሰውረን። በስሜን ተራሮች ስምህን ስለ ጠሩ፥ በገደሉም አፋፍ ወደ አንተ ስለ ጮኹ ነፍሳት ምሕረትህ አይጕደል። ከእኛ ርቀው ለሄዱት ሰላምን፥ በመንገድ ለወደቁት ዕረፍትን፥ ለእኛም ንጹሕ አንደበትን ስጠን። በእመቤታችን በቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት ልመናችንን ተቀበል፤ ለዘለዓለሙ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።